ከሐይቅና ከወንዝ ባመጣነው ድንጋይ ተጣብቀው ወደ አኳሪየም የሚገቡ ያልተጠሩ እንግዶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ዓሳ የምናሳድግ ሰዎች ድንጋይና የውኃ ተክል ብዙ ጊዜ ከሱቅ አንገዛም። እሑድ በአካባቢያችን ወዳሉት ሐይቆች፣ ሐይቅ ወደሚባለው ወይም ወደ አርዲቦ፣ እንሄዳለን፤ ጊዜ ካጠረን ቦርከና ወንዝ ዳር ወረድ እንላለን። ዓይናችን ያረፈበትን ድንጋይ በፌስታል ጠቅልለን ወደ ቤት። ይህን ልማድ አልነቅፍም፣ እኔም አደርገዋለሁ። ለዓመታት ውኃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ ላዩ ላይ የዓሳውን ቆሻሻ የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች አሉበት፤ አዲስ አኳሪየም ነፍስ የሚዘራው በእነሱ ነው። ግን ድንጋዩ ብቻውን አይመጣም። ሳይጠሩት አቤት እንዲሉ፣ ቀንድ አውጣውም፣ አልቅቱም፣ ትሉም፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ እንቁላልም አብሮ ይገባል። ስለእነዚህ ነው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ።

ድንጋዩ ላይ ቀንድ አውጣ ተጣብቆ መጣ። ዓሳዎቼን ይጎዳቸዋል?

ዓሳዎቹን አይነካም። እኔን የሚያሳስበኝ የእናንተ እጅ ነው።

ቢልሃርዝያ በወሎ ወንዞችና ሐይቆች ዙሪያ ያለ በሽታ ነው። የአንጀት ቢልሃርዝያ ወደ ሰው የሚደርሰው ባዮምፋላሪያ በሚባል ትንሽ ቀንድ አውጣ በኩል ነው። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ውኃ ውስጥ ሲገባ ከትሉ እንቁላል የሚፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣውን ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ በዓይን የማይታዩ ባለ ጭራ እጮች ከቀንድ አውጣው እየወጡ ውኃው ላይ ይበተናሉ። የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስተው የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ቁስል አይፈልጉም፣ ውኃውን መጠጣትም ግድ አይደለም፤ እጅን ማስገባት ይበቃቸዋል።

ቀንድ አውጣው እጮቹን በብዛት የሚለቀው ቀን፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ሱሪን ሰብስቦ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ መልቀም የከፋው ሰዓትና የከፋው አለቃቀም ነው። አኳሪየሙ ቤት ከመድረሱ በፊት አደጋው እዚያው ዳር ላይ ይጀምራል። የጎማ ቦት ጫማ አድርጉ፣ እስከ ክንድ የሚደርስ የጎማ ጓንት አጥልቁ፤ ድንጋዩንም ሰው ልብስ ከሚያጥብበትና ከብት ከሚጠጣበት ቦታ ራቅ ብላችሁ ምረጡ። ልጆችን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከውኃው ውጪ ይቆዩ።

አደገኛውን ቀንድ አውጣ በመልኩ እለየዋለሁ?

በከፊል። ባዮምፋላሪያ ዛጎሉ ጠፍጣፋ ነው፤ በአንድ በኩል ተኝቶ እንደተጠቀለለ ቀበቶ ይመስላል፣ ትልቁም ከካፖርት አዝራር አይበልጥም። ችግሩ ዓሳ ሻጮች ዘንድ የሚገኘው ራምስሆርን የሚባለው ጉዳት የሌለው ቀንድ አውጣም ቅርጹ ተመሳሳይ መሆኑ ነው። በዓይን ብቻ ለመለየት አትሞክሩ። እኔ የምከተለው ደንብ አንድ ነው፦ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ የመጣ ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ ሁሉ እንደ ባዮምፋላሪያ ይቆጠራል።

ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ስትይዙት አፉ በግራ በኩል የሚውል ዓይነትም አለ። አብዛኛው ምንም አያደርግም፣ ነገር ግን የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቡሊነስ ከዚህ ወገን ስለሆነ እሱንም በጓንት። አፉ በቀኝ የሆነ፣ ዛጎሉ ስስ፣ አፉ ሰፊ የሆነው ደግሞ የበግና የከብት የጉበት ትል ማደሪያ ነው። ይህ ትል በቆዳ አይገባም፤ ተክል ላይ ተጣብቆ በአፍ ነው የሚገባው። የተክል ማጠቢያ ውኃችሁን ሰላጣ ወይም ጥሬ የሚበላ አትክልት ላይ አትድፉ።

እንደ ሾጣጣ ቀንድ የረዘመው፣ ቀን ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚውለው ሜላኖይደስ ይባላል። አሸዋውን እያገላበጠ የበሰበሰውን ይበላል። ባልንጀራ ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልጨምር። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን ትል ለልጁ አያወርስም። አኳሪየማችሁ ውስጥ ከእንቁላል የተፈለፈለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ከበሽታው ንጹሕ ነው፤ የሚፈራው ከዱር ውኃ አድጎ የመጣው ነው።

ሳላውቅ ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ ባለበት አኳሪየም ውስጥ እጄን አስገብቻለሁ። ምን ላድርግ?

አትደንግጡ፣ ነገር ግን ነገሩን ቸል አትበሉ። ቀንድ አውጣዎቹን በረጅም ወረንጦ አንድ በአንድ ልቀሙ። የመጨረሻው ከወጣ በኋላ ሁለት ሙሉ ቀን በባዶ እጅ ውኃውን አትንኩ፤ ባለ ጭራዎቹ እጮች ሰው ካላገኙ ከዚያ በላይ አይቆዩም። አንድ ቀንድ አውጣ ከቀረ ግን ቆጠራው እንደገና ይጀምራል፣ እሱ በየቀኑ አዲስ ይለቃልና።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና «ከሐይቅ ውኃ ጋር ንክኪ ነበረኝ» ብላችሁ ንገሩ። ይህን ካልነገራችኋቸው ሌላ ነገር ሊፈልጉ ይችላሉ። ምርመራው የሰገራ ነው፤ የትሉ እንቁላል ሰገራ ላይ እስኪታይ ከአንድ ወር በላይ ስለሚወስድ፣ ቶሎ ተመርምራችሁ «የለም» ከተባላችሁ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ድገሙት። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ ያድናል።

እንዶድ ብጨምርበትስ?

ይህን የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ፤ ከጎረቤቴ እናትም ሰምቼዋለሁ፦ «ልጄ፣ እንዶድ ጣል ብታደርግበት ድራሹ ይጠፋ ነበር።» ልክ ናቸው፣ ቀንድ አውጣው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ፤ ከዚያ የተነሳው ምርምር እንዶድን ለዓለም አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው በዚህ ሥራ ነው። ይህን ታሪክ በኩራት ነው የምናገረው።

ነገር ግን እንዶድ ዓሳንም ይገድላል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የዓሳውን ስንጥብ ይጎዳል። አኳሪየም ውስጥ ጠብታም አታድርጉ። ዓሳ የሌለበትን ድንጋይ በባልዲ ውስጥ በእንዶድ ውኃ መዘፍዘፍ ይቻላል፤ ግን ከዚያ በኋላ ድንጋዩን ደጋግሞ ማጠብ ስለሚጠይቅ የፈላ ውኃ ይቀላል።

ድንጋዩን አኳሪየም ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ምን ላድርግ?

ባልዲ ውስጥ አራት ሳምንት አቆዩት። ሰው መታገስ የሚያቅተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም አቅቶኝ የደረሰውን ከታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ድንጋዩን ሳፋ ውስጥ አድርጋችሁ በሻካራ ብሩሽ ከላይ ከላይ አጥቡት፣ ሳሙና ግን አይነካው። የታዩትን ቀንድ አውጣዎችና እንደ ጄሊ የሚለጠጡ የእንቁላል ጥቅሎች በወረንጦ ወይም በቢላ ጫፍ አንሱ። ቀጥሎ ሌላ ባልዲ ውስጥ ለአንድ ቀን ያደረ የቧንቧ ውኃ ሞልታችሁ ድንጋዩን አስቀምጡት። ትንሽ የአየር ፓምፕ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ውኃውን በየሦስት ቀኑ ቀይሩ። ቀንድ አውጣ ከእንቁላል የሚወጣው ሙቀት ባለበት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ነው፤ ደሴ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል። አራት ሳምንት ያልኩት ለዚህ ነው።

በየሁለት ቀኑ ማታ መብራት አጥፉና ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ በስልክ መብራት ባልዲው ውስጥ ተመልከቱ። ቀን ጥቁር ድንጋይ ብቻ የነበረው ማታ ሌላ ነው። ከአንዲት የመርፌ ቀዳዳ ከምታህል ስንጥቅ ውስጥ ቡናማ ክር መሳይ ነገር ይወጣል፤ ይረዝማል፣ ጫፉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየወዘወዘ ውኃውን ያሸታል፣ ብርሃኑ ሲያርፍበት ሰብሰብ ብሎ ይመለሳል። ቦታውን በስልክ ፎቶ አንሱት። በማግስቱ የት እንደምትፈልጉት ታውቃላችሁ።

ባልዲውን ሳትከድኑ አትተዉት። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያላችሁ በተለይ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ የወባ ወቅት ነው፤ ክፍት ባልዲ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ክዳኑ ግን የአልጋ አጎበር አይሁን። አጎበሩ የተነከረበት መድኃኒት ዓሳን በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል፣ ድንጋዩም ላይ ሊቀር ይችላል። ንጹሕ አሮጌ ሻሽ ወይም ነጠላ በላስቲክ ማሰር ይበቃል።

አፍልቼው ብገላገልስ?

ድንጋይን እሳት ላይ ጥዶ ማፍላት አይመከርም። ስንጥቁ ውስጥ የታሸገ ውኃ እንፋሎት ሲሆን ድንጋዩን ሊሰነጥቀው፣ አንዳንዴም ፍንጣሪውን ፊት ላይ ሊወረውረው ይችላል። ድንጋዩን ጥልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና መጀመሪያ ለብ ያለ፣ ቀጥሎ ሞቅ ያለ፣ በመጨረሻ የፈላ ውኃ አፍስሱበትና እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለቀንድ አውጣም ለእንቁላሉም ከበቂ በላይ ነው።

በረኪናም ይሠራል፦ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውኃ፣ ለአንድ ሰዓት። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ መዘፍዘፍና ፀሐይ ላይ ማድረቅ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ሁለቱም መንገዶች ጥሩውንም መጥፎውንም አብረው ይገድላሉ፣ ድንጋዩ ተራ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ እኔ ለባልዲው ነው የማደላው፤ ድንጋዩ ላይ ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ ካየሁ ብቻ የፈላ ውኃ እጠቀማለሁ። በፀሐይ ማድረቅ ብቻውን እንደማይበቃ ግን እወቁ። ባዮምፋላሪያ ዛጎሉ ውስጥ ተሸሽጎ ደረቅ ቦታ ለሳምንታት መቆየት ይችላል።

ተክልስ?

ተክል የፈላ ውኃ አይችልም። አንድ እጅ በረኪና በሃያ እጅ ውኃ በጥብጡና ቅጠሉ ጠንካራ ከሆነ ለሁለት ደቂቃ፣ ስስ ከሆነ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነክራችሁ ወዲያው በብዙ ውኃ አጥቡ። ከዚያ እሱም ባልዲ ይገባል።

አልቅት አገኘሁ!

አልቅትን የወሎ ገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከምንጭ ውኃ ጋር ገብቶ የከብት ጉሮሮ ላይ ሲጣበቅ አይተናል። አኳሪየም ውስጥ የሚገኘው ትንሹ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ደም መጣጭ አይደለም፣ ቀንድ አውጣና ትል ነው የሚበላው። ቢሆንም የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ከዓሳ ጋር አናኖረውም። ድንጋዩን ዓሳ በሌለበት ሳፋ፣ በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው (ወደ 35 ግራም) በተበጠበጠበት ውስጥ ለሃያ ደቂቃ አስቀምጡት። አልቅቱ ራሱ ለቆ ይወጣል። ድንጋዩን አጥባችሁ ወደ ባልዲው መልሱት፣ ከሳምንት በኋላም ድገሙት፤ የመጀመሪያው ጨው እንቁላሉን ላይነካው ይችላል።

ጫጩት ዓሳዎቼ በየቀኑ ይጎድላሉ፤ ሬሳም አላገኝም።

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ገፒ የሚባሉት ትናንሽ ዓሳዎቼ ሠላሳ ገደማ ጫጩት ጥለው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ከሐይቅ ያመጣሁትን ድንጋይ፣ ሥር የሰደደ የውኃ ሣር ያለበትን፣ በቧንቧ ውኃ ብቻ አለቅልቄ አስገብቼ ነበር። ጫጩቶቹ ሃያ ሆኑ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። እናቲቱን ጠርጥሬ ለየኋት፤ መጉደሉ አልቆመም።

አንድ ሌሊት በባትሪ ስፈልግ አየሁት። የሣሩ ሥር ላይ፣ የጣት አንጓ የሚያህል፣ ጭቃ የመሰለ፣ ስድስት እግር ያለው ነገር ምንም ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል። አንዲት ጫጩት በፊቱ አለፈች። ከአገጩ ሥር የታጠፈ ክንድ ተወርውሮ ወጣና ተመለሰ፤ ጫጩቷ አፉ ላይ ነበረች። የእንቅስቃሴውን መሐል ዓይኔ አልያዘውም።

ያ የውኃ ተርብ እጭ ነው፤ ሐይቅ ዳር በአራት ክንፉ ውኃው ላይ የሚያንዣብበው የዚያ ውብ ነፍሳት ልጅ። ክንፍ አውጥቶ እስኪሄድ ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ውኃ ውስጥ ይኖራል፣ የሚኖረውም እያደነ ነው። ሰውነቱ ቀጭን፣ ጭራው ላይ ሦስት ቅጠል መሳይ ነገር ያለው ዘመዱም ጫጩት ይበላል። መድኃኒት አያስፈልገውም፤ በመረብ ይያዛል። አምስቱን ጫጩቶች አሳድጌያለሁ፣ ለቀሩት ግን አሁንም ይቆጨኛል፤ አራት ሳምንት ብታገሥ ኖሮ ባልዲው ውስጥ አገኘው ነበር።

መስታወቱ ላይ ነጫጭ ትናንሽ ነገሮች አሉ። ምንድን ናቸው?

እንደ ነጥብ ሆነው የሚፈናጠሩት የውኃ ቁንጫና ዘመዶቹ ናቸው፤ ለጫጩት ከዚህ የተሻለ ምግብ የለም፣ ተዉአቸው። አሸዋ ውስጥ የሚጥመለመሉ ፀጉር የሚያህሉ ነጭ ትሎችም ቆሻሻ በሊታ ናቸው። በአንድ ጊዜ ከበዙ ምግብ ታበዛላችሁ ማለት ነው።

ራሱ እንደ ቀስት ጫፍ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ መስታወቱን እንደ ቅባት እየተንሸራተተ የሚሄደው ጠፍጣፋ ትል ፕላናሪያ ነው። ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ግንድ ጫፉ ላይ ክር የመሰሉ እጆች ያሉት ደግሞ ሃይድራ ነው። ሁለቱም የዓሳ እንቁላልና ገና የተወለዱ ጫጩቶችን ያጠቃሉ፤ ትልቅ ዓሳን ግን አይደፍሩም። መስታወቱ ላይ በጣት አትጨፍልቋቸው። ፕላናሪያም ሃይድራም ሲቆራረጡ ከየቁራጩ ሙሉ ሆነው ይበቅላሉ፤ አንዱን አሥር ታደርጉታላችሁ። በቀጭን ቱቦ ሳቡና ከውኃው አውጧቸው። ለፕላናሪያ ትንሽ ጥሬ ሥጋ በቀዳዳ ላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ማታ ማኖር ነው፤ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ።

ቀንድ አውጣው ጉዳት የለውም ተባልኩ፣ ግን በዛብኝ።

የሚበዛው የተረፈ ምግብ ስላገኘ ነው። ዓሳው በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ብቻ ስጡ። ማታ በሙቅ ውኃ የላመ የሰላጣ ወይም የጎመን ቅጠል በድንጋይ አስራችሁ አስገቡ፤ ጠዋት የተሰበሰቡበትን ቅጠል በሞላው አንሱት።

ከጅቡቲ የባሕር ድንጋይ ሊያመጣልኝ የሚችል ሰው አለ። ለጨው ውኃ አኳሪየም ይሆናል?

ኮምቦልቻ የጅቡቲ መስመር ላይ ስለሆነች ይህ ሐሳብ ለብዙ ሰው ይመጣል። ሕያው ድንጋይ የሚባለው ኮራል የተባለው የባሕር እንስሳ ሲሞት የሚቀረው አፅም ነው፤ ባክቴሪያና ትናንሽ እንስሳት የሚኖሩበት። ድንጋይ ሠሪ ኮራሎችና እንዲህ ያለው ድንጋይ ግን በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ በሳይቲስ፣ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው። በሰው ጭነት ውስጥ አታስገቡ።

በሕጋዊ መንገድ ያገኛችሁ ካላችሁ እንግዶቹ ሌሎች ናቸው። እሾህ የመሰለ ፀጉር ያለበት ትል፣ በባዶ እጅ ከነካችሁት ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ይቀራል፤ ብዙዎቹ ግን ጥሩ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። አይፕቴዥያ የሚባለው ቡናማ የባሕር አበባ፣ እንደ ሃይድራው ከቁራጩ የሚበቅልና ጎረቤቱን የሚናደፍ፤ ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ይበላዋል። ማታ ማታ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባል የባሕር እንስሳ ሊሆን ይችላል፣ ጣትን ይሰነጥቃል። የባሕር ድንጋይን በምንም ምክንያት አታፍሉ። ላዩ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉ እንስሳት ካሉ ፓሊቶክሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ በእንፋሎቱ ሊወጣ ይችላል፤ ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። የአፋር አሞሌ ወይም የገበያ ጨውም የባሕር ውኃ አይሆንም፤ የባሕር ውኃ ካልሲየምና ማግኒዚየም የመሳሰሉትን በመጠናቸው ይፈልጋል።

ያወጣኋቸውን የት ልጣላቸው?

የውኃ ተርቡን እጭና ከዚያው ውኃ በዚያው ሳምንት የመጣውን ወዳነሳችሁበት ቦታ መመለስ ይቻላል። አኳሪየም ውስጥ ከሌላ ቦታ ከመጣ ዓሳ ወይም ተክል ጋር የቆየ ነገር ግን ወደ ሐይቅም፣ ወደ አርዲቦም፣ ወደ ቦርከናም አይመለስም። ጣና ላይ እምቦጭ ያደረገውን አይተናል። ከሱቅ የተገዛ ተንሳፋፊ ተክልን በተለይ አድርቃችሁ አቃጥሉት። ቀንድ አውጣዎቹን የፈላ ውኃ አፍስሱባቸውና ጓሮ ቅበሯቸው። የአኳሪየሙን የቆየ ውኃ ለአበባና ለዛፍ ሥር አጠጡት፤ የባልዲውን የመጀመሪያ ሳምንት ውኃ ግን ጓንት አድርጋችሁ፣ ከምንጭና ከቦይ ርቃችሁ፣ ደረቅ መሬት ላይ ድፉት።